ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ቁልፍና አንድ እሺታ

በልብስ ቁልፍ ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት የሠራችው ሴት፣ እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም ነበራት። ያን ስም ግን ከመዝገብ ቤቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «እትዬ ሒሳብ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ገና መራጭ ሳለች ነው፤ የተሰነጠቀውን፣ ቀዳዳው የተደፈነውን፣ ቀለሙ ያልያዘውን ቁልፍ ከጤነኛው ስትለይ ማለት ነው። ሌሎቹ መራጮች የጎረቤት ወሬ ሲሰልቁ እሷ ፊቷ ያለውን ሳጥን ቁጥር በልቧ ለሰባት ታካፍላለች።

«ምን ይጠቅምሻል?» ይሏታል።

«የእናንተስ ጎረቤት ምን ይጠቅማችኋል? የእኔ ቢያንስ አኩርፎኝ አያውቅም።»

ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ማካፈሏ ግን አልቆመም። አውቶቡስ ስትጠብቅ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ ትበታትናለች። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትይዝ የተሰጣትን ቁጥር አገላብጣ ታየዋለች፤ ለምንም የማይካፈል ከሆነ «ወይ ኩራት!» ብላ ፈገግ ትላለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ጸጥ ያለ ደግ ሰው ነበር። ስለ ቁጥር ማውራት ስትጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እሷም አትቀየመውም፣ «እንዴት ያለ ጥሩ መድኃኒት አገኘሁለት» ትላለች። ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድ ልጅ ትቶላታል፤ ነርስ ናት፣ አብራት ትኖራለች፤ እናቷን እንደ ታናሽ እህት ትቆጣታለች።

ከማሸጊያው ክፍል በታች፣ ደረጃውን ወርዶ፣ የማሽኖቹ አዳራሽ ነው። እዚያ ጋሽ ብሎን አለ። መካኒክ ነው። ኪሱ ሁሉ ብሎንና ዳዶ ስለሆነ ሲራመድ ይንሿሿል፤ መምጣቱ ከመድረሱ በፊት ይሰማል። በደቂቃ ሦስት መቶ ቁልፍ የሚተፋ ማሽን እያንኮራፋ ቢቆም፣ ጆሮውን ለጥፎ ሰምቶ አንዲት ብሎን ጠበቅ ሲያደርግለት ማሽኑ ይነቃል። የራሱ ጋወን ግን አምስት ቀዳዳ ይዞ አንድም ቁልፍ የለውም። ደረቱ ላይ በሽቦ ነው የሚያስረው።

«ጋሼ፣ የቁልፍ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ይጥፋብዎ?» ይሉታል ሴቶቹ።

«ቁልፍማ ሞልቷል። የጠፋው የሚተክለው ነው» ይላል። ሲል ደግሞ ዓይኑ ወደ እትዬ ሒሳብ ይሄዳል፤ እትዬ ሒሳብም ድንገት የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር የምትፈልግ ትመስላለች።

እንዲህ ሦስት ዓመት ተኖረ። ከዚያ ያ ትእዛዝ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ነው። የደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ፈለገ፤ ስድሳ ሺህ ደርዘን። ለመጠባበቂያ ደግሞ ስድሳ ደርዘን ጨምሩበት ብሏል። ቁልፉ አንድ የወረቀት ካርድ ላይ ስንት ስንት እየሆነ ይሰፋ የሚለውን ግን «በኋላ አሳውቃለሁ» ብሎ ትቶታል። እትዬ ሒሳብ የማሸጊያው ኃላፊ ናትና ለማንኛውም ዓይነት ካርድ መዘጋጀት አለባት። እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች፤ ስድሳ ሺህ ስድሳን በአሥራ ሁለት አባዛች።

720,720።

ሰባት መቶ ሃያ ሺህ፣ ሰባት መቶ ሃያ። መጀመሪያ የሳባት መልኩ ነው፤ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ መንታ ልጆች ይመስላል። ካርዱ ባለ አሥር ቢሆንስ? አካፈለችው፤ ቀሪ የለም። ባለ ስምንት ቢሆን? የለም። ዘጠኝስ? የለም። «ቆይ አሳይሃለሁ» አለችና ሰባትን አመጣችበት፤ ሰባት ማንንም የማያስጠጋ ቁጥር ነው። እሱም ያለ ቀሪ ገባ። አሥራ አንድ ገባ። አሥራ ሦስት ገባ! እትዬ ሒሳብ ወንበሩን ያዝ አደረገች። ግራ ቀኟን አየች፤ ይህን ጉድ የሚያይላት ሰው የለም፤ ሁሉም ቁልፍ ይቆጥራል።

የምሳ ሰዓት እስኪደርስ እንዴት እንደታገሠች እሷም አታውቀውም። አሥራ አራቱ የማሸጊያ ሴቶች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ እሷ ካርቶን ገልብጣ፣ በኖራ ጠመኔ እየጻፈች፣ ትለፈልፍ ጀመር።

«እዩልኝማ! ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት ሲባዙ አንድ ሺህ አንድ ይመጣሉ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በአንድ ሺህ አንድ ስታባዢው ደግሞ ራሱን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ሰባት መቶ ሃያ፣ ሰባት መቶ ሃያ! ሦስቱ ኩሩዎች ሆዱ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ሰባት መቶ ሃያ ራሱ ምንድን ነው? አንድ ሲባዛ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት! ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ያለው ሁሉ ይገባበታል። ሁሉንም የሚያስተናግድ፣ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ደግሞ ብትፈልጉ አታገኙም። ደንበኛው ሳያውቀው የቁጥር ንጉሥ ነው ያዘዘን!»

«እትዬ፣ ምሳዎት ቀዘቀዘ» አለች ቀጭኗ። ቀጭኗ ከአሥራ አራቱ ሁሉ ምላሷ የሰላ ናት፤ የምትበላው ሁሉ ወደ ምላሷ ነው የሚሄደው ይባላል።

ጋሽ ብሎን በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከቁጥሩ ምንም አልገባውም። የገባው ፊቷ ነው፤ እንዲህ በርቶ አይቶት አያውቅም። ሦስት ዓመት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ በመካከሉ ስለ ጤናና ስለ እርጅና አንድ ሁለት ጥሩ ጥሩ ቃል ያለበት። ሁሉም ጠፋው። እየተንሿሿ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ስሚኝማ» አለ። «እኔም ብቻዬን ነኝ፤ አንቺም ብቻሽን። አንድ ላይ ብንሆን ምን ይመስልሻል?»

የአሥራ አራት ሴት ጉንጭ ጎርሶ ቆመ። የአንዷ ማንኪያ ወደቀ፤ የሚያነሳው አልተገኘም።

እትዬ ሒሳብ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንገቷን ደፍታ «እናስብበት» ትል ነበር። የዚያን ቀን ግን በቁጥሩ ሰክራለች፤ እጇ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ዓለም ሁሉ ለሁሉም የሚካፈል መስሏታል።

«ከዚህ ቁጥር ቀሪ ካወጣህ እሺ!» አለችው። «ያሻህን ቁጥር አምጣና አካፍለው። በቀን አንድ ቁጥር ብቻ፣ በምሳ ሰዓት። ቁልፉ ተጭኖ ከግቢው እስኪወጣ ጊዜ አለህ። ማንም ግን አይነግርህም፣ እኔም አልነግርህም። ቃሌ ነው!»

ክፍሉ ተናጋ። ጠረጴዛው ተደበደበ። ቀጭኗ ወንበር ላይ ቆማ «ሰምተናል! አሥራ አራት ምስክር!» አለች። ጋሽ ብሎን ራሱን አከከ፤ ከዚያ ሞኝ አይደለምና ሰባትን መረጠ። ሰባትን የሚወድ የለም ብሎ። ጠመኔውን ሰጡት፤ አካፈለ፤ አሃዝ በአሃዝ ሳይሳሳት ወረደ። መጨረሻው ዜሮ።

«ነገ እመለሳለሁ» አለና ወረደ።

ስካሩ የበረደላት ማታ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ምን አደረግሁ አለች። ጋሽ ብሎንን እሷ ታውቀዋለች። እሱ ማካፈል ሲባል የሚታየው ካርድ ነው፤ ካርድ ሲባል የሚታየው ያ የካርድ መብሻ ማሽን ነው። ማሽኑ ስምንት ስምንት ሆነው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ወስፌዎች አሉት፤ አሥራ ስድስት፤ አንድ ወስፌ ለአንድ ቁልፍ። ሃያ ዓመት የሳላቸው፣ ዘይት የቀባቸው እሱ ነው። በዚያ ፋብሪካ ማንም ሰው «ለስንት ይካፈል?» ሲባል ከአሥራ ስድስት በላይ አስቦ አያውቅም፤ ከአሥራ ስድስት ወዲያ ለእነሱ ገደል ነው። እሷም «ያሻህን ቁጥር» አለችው እንጂ «እስከ አሥራ ስድስት» አላለችውም። እሱ ግን የሰማው ማሽኑ የሚለውን ነው።

ከአሥራ ስድስት ወዲያ ግን መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። አንድ መቶ ቢል እንኳ ይበቃዋል። ለመሆኑ የቅርቡ የትኛው ነው? የአውቶቡስ ቲኬቷን ገልብጣ ለአሥራ ሰባት አካፈለችው። አርባ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት ደረሰ፤ ቀሪ አምስት።

አምስት! የጋወኑ ቀዳዳ ስንት ነው? አምስት!

እዚያው አውቶቡስ ውስጥ፣ በሰው መካከል፣ ሳቋን ለቀቀችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ቦርሳቸውን አቅፈው ሌላ ወንበር ሄዱ።

በማግስቱ ከመራጮቹ የውዳቂ ጣሳ አምስት ጥቁር ሰማያዊ ቁልፎች ለቀመች። አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፤ አንዱ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ አዘንብሏል፤ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ ካላተኮሩባቸው። ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ ከመርፌና ክር ጋር አድርጋ ሽርጧ ኪስ ከተተቻቸው። ስትራመድ እሷም ትንሽ መንሿሿት ጀመረች።

ልጇ የነርስ ልብሷን ስትተኩስ ይህን ሁሉ ሰማችና ካውያውን አቆመችው። «እማዬ፣ ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ? በግልጽ ንገሪው!»

«ቃል ሰጥቻለሁ። በአሥራ አራት ሴት ፊት።»

«እሺ ልትይው ነው የምትፈልጊው ወይስ እንቢ?»

«አምስት ቁልፍ ኪሴ ይዤ ትጠይቂኛለሽ?»

«ታዲያ ቢያቅተውስ?»

ይህ ማንም ሊያካፍልላት የማይችል ጥያቄ ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ብሎን አሥራ አንድን ይዞ መጣ። ዜሮ። ረቡዕ አሥራ ሦስትን አመጣ፤ በፊቱ ላይ ድል ነበር፤ አሥራ ሦስትን ማን ይችለዋል? ዜሮ። «ሆዱ ውስጥ ናቸው ብዬህ አልነበር?» አለችው። «እኔ እኮ ያን ጊዜ ፊትሽን ነበር የማየው» አለ፤ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት። ሐሙስ ዘጠኝ፤ ከማካፈሉ በፊት አሃዞቹን ደምሮ ለዘጠኝ የሚካፈለውን አሥራ ስምንት ሲያገኝ ራሱ ተስፋ ቆረጠ። ዓርብ አሥራ አራት። ቅዳሜ አሥራ ስድስት።

አሥራ ስድስት ሲል ልቧ ዘለለ። ጫፉ ላይ ደርሷል! አንድ እርምጃ ብቻ! ወገቡን ይዞ ዜሮውን ሲያይ ቆየና «እንግዲህ ወደ ላይ አለቀ» አለ። አለቀ! እትዬ ሒሳብ የክብሪት ቤቱን በሽርጧ ላይ ጨበጠች።

እሑድን ሙሉ አሰበችበት። መንገር አልችልም፤ መጠየቅ ግን መንገር አይደለም አለች። ከማሽኖቹ አዳራሽ ወደ ማሸጊያው የሚያወጣው ደረጃ አሥራ ሰባት መርገጫ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ ቆጥራዋለች። ሰኞ ጠዋት እዚያው ደረጃ ላይ አገኘችው።

«ይሄ ደረጃ ግን ስንት ይሆን?» አለችው ትንፋሿን እያስረዘመች። «አንተ በቀን ስንቴ ትወጣዋለህ፤ ቆጥረኸው ታውቃለህ?»

ጋሽ ብሎን ደነገጠ። «ምነው፣ ጉልበትሽን አመመሽ?»

«ኧረ አላመመኝም! ስንት ነው ነው የምልህ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ስትመጣ መደገፊያው ብረት ጠብቋል፤ ይነቃነቅ የነበረው ሦስተኛው መርገጫ በአዲስ ብሎን ታስሯል፤ በየመርገጫው ጠርዝ እንዳያንሸራትት ጎማ ተለጥፏል። አሥራ ሰባት ቁራጭ ጎማ! አንድ በአንድ በእጁ ቆርጦ! «አሁን ድካሙ ይቀንስልሻል» አላት፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ። እትዬ ሒሳብ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሳታውቅ ጎማ ጎማውን እየረገጠች ወጣች። ቀጭኗ ግን ምስጢሩ ገብቷት ስለነበር ካርቶን ውስጥ ገብታ ነው የሳቀችው።

«እትዬ፣ እኔ ጆሮው ላይ ልንፋለት?»

«ምላስሽን እቆርጠዋለሁ!»

«ከዚያ እኔ ምን ይቀረኛል?»

በዚያው ሳምንት ደንበኛው ቁርጡን አሳወቀ፤ በካርድ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። ማሽኑ ሥራ ጀመረ፤ መቁጠሪያ ገበታው ከእጅ እጅ ይዞር ጀመር፤ መቶ አርባ አራት ጎድጓዳ ያለው የእንጨት ትሪ ነው፣ ቁልፍ ያፈሱበታል፣ ወዝወዝ ያደርጉታል፣ ጎድጓዳው ሁሉ ሲሞላ አንድ ብለው ይቆጥራሉ። አምስት ሺህ አምስት ጊዜ መሙላት አለበት። ካርቶኑ ተቆለለ። ጋሽ ብሎን ግን በቁጥሩ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ሰኞ አሥራ አምስት ብሎ ነበር። ማክሰኞ ስምንት አለ። ረቡዕ ስድስት። ሐሙስ ሦስት።

«ሦስት?» አለች እትዬ ሒሳብ። «ዘጠኝ ገብቶ ሦስት ይቀራል?»

«አንዳንዴ እኮ ትልቁ ብሎን አልፎ ትንሹ ይሰነቀራል» አለ በመካኒክነቱ።

ዓርብ፣ ካርዱ ሁሉ ባለቀ ቀን፣ በቀስታ መጣ። መንሿሿቱ ራሱ ደክሟል። ጠመኔውን አነሳና «ሁለት» አለ።

አሥራ አራቱም ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ጋሼ! ሁለት?! መጨረሻው ዜሮ ሆኖ እያዩት?»

«ምናልባት…» አለ ጋሽ ብሎን።

ምናልባትም አልነበረም። እትዬ ሒሳብ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ የአንድም መኪና ታርጋ አላካፈለችም።

ቅዳሜ የጭነት መኪናው ረፋድ ላይ መጣ። ይሄ ነው ያላሰበችው! ቃሏ «በምሳ ሰዓት» ነው፤ መኪናው ደግሞ ከምሳ በፊት ሊወጣ ነው። የአሥራ ሁለተኛው ቀን ዕድል በራሷ አፍ ተዘግቷል። ጫኞቹ ካርቶኑን ትከሻ ላይ እየጣሉ በኋላው በር በኩል ያወርዳሉ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ይዘው «ቶሎ ቶሎ!» ይላሉ። ጋሽ ብሎን የለም።

ግማሹ ተጫነ። ሩብ ቀረ። እትዬ ሒሳብ ሃያ ስምንት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ የኋላው በር ላይ ቆመች።

«አንዱን ካርቶን ተጠራጠርኩት» አለች። «እንደገና ይቆጠር።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ? እርስዎ የቆጠሩት?»

«ሰው ነኝ፣ ጌታዬ።»

ቀጭኗ ከሁሉ ቀድማ ነቃች። አንድ ካርቶን ዘርግፋ በሐዘንተኛ ፊት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቀስ ብለን ነው የምንቆጥረው» አለችና አንድ ካርድ አነሳች፤ በጣቷ እየነካች «አንድ… ሁለት…» እንደ ሕፃን ትቆጥር ጀመር። አሥራ ሁለት ስትደርስ «ኧረ ተምታታብኝ» ብላ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሌሎቹም ወረዱበት። አንዷ በግራ እጇ ትቆጥራለች፤ አንዷ ዓይኗን ጨፍና። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ ኮርኒሱን አዩ።

በዚህ መሃል ከታች ድምፅ መጣ። ብሎን ነው። የሚንሿሿ ብሎን፣ እየሮጠ፣ ጎማ በተለጠፈ ደረጃ ላይ። እትዬ ሒሳብ መርገጫውን በልቧ ቆጠረችው፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤ በሩ ተበረገደ።

ጋሽ ብሎን አንድ ካርድ ከፍ አድርጎ ይዟል። ሽቦው ተፈትቶ ጋወኑ እንደ ሸራ ግራ ቀኝ ተከፍቷል።

«ወስፌ አመለጠኝ!» አለ እያለከለከ። «ማሽኑን ወደ አሥራ ስድስቱ ልመልስ ብዬ ካርድ አስገብቼ ሞከርኩ። ደህና በሳው። ሳወጣው በእጄ የያዝኩት ወስፌ አምልጦ ጠርዙን ሸነቆረው። ተበላሸ ብዬ ልጥለው ስል ቆጠርኩት። አሥራ ሰባት! አሥራ ሰባት ቀዳዳ ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ምንም አልሆነም! ከአሥራ ስድስት በላይ አይቻልም ያለኝ ማነው? ማሽኑ ነው። እኔ ማሽኑ ነኝ እንዴ?»

«አይደለህም!» አለች እትዬ ሒሳብ፤ ከአፏ አምልጧት።

«ዛሬ የእኔ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው!»

«ምሳ ሰዓት ግን…» አለች አንዷ እየተንተባተበች።

ቀጭኗ አላስጨረሰቻትም። ምሳ ዕቃዋን ከመደርደሪያው መንጭቃ ከፈተች፤ ያገኘችውን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። «ምሳ ሰዓት ነው!» አለች በሞላ አፍ። አሥራ ሦስት ክዳን ተከታትሎ ተከፈተ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ማሸጊያው ክፍል በሙሉ ምሳ በላ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ጋሽ ብሎን ጠመኔውን ያዘ። ሰባ ሁለትን ለአሥራ ሰባት፣ አራት፤ ቀሪ አራት። ዜሮ አወረደ። አርባ፣ ሁለት ጊዜ፤ ቀሪ ስድስት። ሰባት አወረደ። ስድሳ ሰባት፣ ሦስት ጊዜ፤ ቀሪ አሥራ ስድስት። ሁለት አወረደ። መቶ ስድሳ ሁለት። እዚህ ጋ ተሰነቀረ።

«አሥራ ሰባት ሲባዛ በዘጠኝ…» አለ። «መቶ… ስድሳ ሁለት?»

እንደዚያ ከሆነ ቀሪ ጠፍቶ ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ ነው። እትዬ ሒሳብ ከንፈሯን ነከሰች። አሥራ አራቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ያዙ፤ መናገር ክልክል ነው። ጋሽ ብሎን ካርዱን አየ። እጁን በጋወኑ ጠረገ። የመራጮቹን የውዳቂ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና ቁልፉን አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት እያደረገ ዘጠኝ ረድፍ ደረደረ፤ አንድ በአንድ ቆጠረው፤ የሾፌሩ ጥሩምባ ከታች እንደ በሬ ይጮሃል።

«መቶ ሃምሳ ሦስት!» አለ። «ቀሪ ዘጠኝ! ዜሮ አወርዳለሁ። ዘጠና። አምስት ጊዜ፣ ሰማንያ አምስት። ቀሪ…»

ጠመኔው ቆመ። ዞር ብሎ አያት።

«አምስት» አለ። «አምስት ቀረ።»

ጩኸቱ ጫኞቹን ካርቶን አስጣላቸው። ቀጭኗ የበላችው ትን አላት፤ ጀርባዋን የሚመታላት ጠፍቶ ራሷ ግድግዳ ላይ መታችው። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አሉ፤ «አምስት ቀረ? የታባቱ ቀረ? ማነው ያጎደለው?»

«ምንም አልጎደለም ጌታዬ!» አለች እትዬ ሒሳብ። «ሞልቶ ነው!» ሽርጧ ኪስ ገብታ የክብሪት ቤቱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አምስት ቁልፍ ተንከባለለ፤ አንዱ ሸራፋ፣ አንዱ ሐምራዊ። መርፌው ክር ተሰክቶበታል።

ጋሽ ብሎን ቁልፎቹን አየ። መርፌውን አየ። «መቼ አዘጋጀሽው?»

«ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ኪሴ ነው።»

«ሁለት ስል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ደረጃው ስንት ነው ስትዪኝ…» ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ጎማዎቹን ይቆጥር ነበር። «እኔ እኮ ደረጃውን ጠገንኩት!»

«ጥሩ አድርገህ ነው የጠገንከው» አለችው። «ቁም አሁን፣ አትነቃነቅ።»

እዚያው በቆመበት ተከለችለት። መኪናው የመጨረሻውን ካርቶን ጭኖ፣ ጥሩምባውን እየነፋ በበሩ ወጣ፤ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ቁልፍ አንድ ሳይጎድል። ሴቶቹ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡለት፤ የተዳረ ዘመድ የሚሸኙ ይመስላሉ። እትዬ ሒሳብ ቀና አላለችም፤ አምስተኛው ላይ ደርሳለች።

«እሺ ግን አላልሽኝም» አላት ጋሽ ብሎን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አፌ ውስጥ ክር አለ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጋሽ ብሎን ቁልፎቹን ለመቆለፍ ቸኮለ፤ ሦስት ዓመት በሽቦ የኖረ ጣት ነው፣ ቁልፍ ረስቷል። ሲጨርስ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ከቶት ኖሮ ከላይ አንድ ቀዳዳ ባዶውን አፉን ከፍቷል፤ ከታች ሐምራዊው ቁልፍ ቤት አጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ኧረ ጉድ! ከአምስትም ቀሪ አወጡ!» ብላ ጮኸች ቀጭኗ።

ሳቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። እትዬ ሒሳብ እየሳቀች፣ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች፣ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው። «ቀስ በል። መጀመሪያው ለመጀመሪያው። ሁለተኛው ለሁለተኛው።» ሦስተኛውን ቆለፈችለት። አራተኛውን ቆለፈችለት። ሐምራዊውን በመጨረሻው ቀዳዳ አሳልፋ ጠበቅ አደረገችውና መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈችው።

«እሺ» አለች።